ሰኔ ሳይገባ ጣሪያውን ይዩ

በፒያሳ ሲያልፉ ዓይንዎ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ዛሬ ግን ከአንድ አሮጌ ቤት ፊት ቆም ብለው ቀና ይበሉ። ከጣሪያው ጠርዝ የተገነጠለ አሸንዳ፣ ከሥሩም በግድግዳው ላይ ቁልቁል የወረደ ጥቁር መስመር ካዩ፣ አደጋውን አይተዋል። መስመሩ ያለፈው ክረምት ውሃ የሄደበት ነው። ዘንድሮም በዚያው ይሄዳል፤ ግን ትንሽ ጠልቆ።

አሁን ግንቦት ነው። የአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ደወሉን ዛሬ የምመታውም ስለዚህ ነው።

የአራዳ ቤቶች እንዴት እንደቆሙ ይወቁ። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ትልቁ ገበያ በነበረበት ዘመን የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ከአገሬው ነጋዴ ጎን መደብር ከፈቱ። ከህንዶቹ አንዱ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች እስኪያባርሩት ድረስ ከአገሪቱ ታላላቅ የንግድ ቤቶች ይቆጠር ነበር። ጣሊያኖች ገበያውን ወደ መርካቶ ወስደው ለሰፈሩ ፒያሳ የሚል ስም ተዉለት። ከዚያ በፊት የተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ምድራቸው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨትና ጭቃ፣ በረንዳቸው ጣውላ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ከላይ እስከደረቀ ድረስ መቶ ዓመት ይቆማል። ከላይ ከረጠበ ግን በጥቂት ክረምት ያልቃል።

ሲያልቅም ድምፅ አያሰማም። ውሃው በግድግዳው አናት ይገባና በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጭቃ ያሟሟል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው የወለል አግዳሚ ጫፉ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይከተላል። አግዳሚው ሲላቀቅ ግድግዳው የሚይዘው ያጣና ወደ ውጭ ሆዱን ይገፋል። ከዚያ ስንጥቅ ይመጣል፤ ከስንጥቁ በኋላ ባለሙያ መጥቶ «ለነዋሪው አስጊ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ያን ቀን ግን ለማዳን የሚጠይቀው ወጪ ከማፍረሱ እጅግ ይበልጣል፤ ውሳኔውም ያለ ክርክር ያልፋል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፈረሱት የፒያሳ ቤቶች ሁሉ በፍሳሽ አልሞቱም፤ ይህን አልሸሽግም። የመንገድና የልማት ዕቅድ ወሰዳቸው። ግን ያ ሁሉ ከሄደ በኋላ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ አንዱ በቸልታ ቢወድቅ የሚተካው የለም። ያዘመመ ቤት ደግሞ ጠበቃ የለውም። «ምኑ ይተርፋል?» የሚል ሰው ሲመጣ አፍ የሚያስይዘው የቆመና የደረቀ ግድግዳ ብቻ ነው።

ነዋሪውን አልወቅስም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ለጥገና የሚተርፍ አልነበረም፤ ተከራዩም የእኔ ባልሆነ ጣሪያ ላይ ገንዘቤን ለምን ላፍስስ ቢል አይፈረድበትም። እንዲህ እየተባባልን ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ።

እሳትም አለ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል ብዙ የከተማዋ ሰው ተደናግጦ ነበር። ደረቅ ጣውላና አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ በአንድ ኮርኒስ ሥር ያሉበት ቤት ዛሬም በዚያው ስጋት ውስጥ ነው።

እንግዲህ የሚኖሩት ወይም የሚሠሩት በአሮጌ ቤት ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት አሸንዳውን ያስጠርጉ፤ የተነሳውን ቆርቆሮ በምስማር ያስመቱ። ውሃው ከግድግዳው ሥር ርቆ እንዲፈስ መውረጃ ይክፈቱለት። ገላጣውን ሽቦ ለባለሙያ ያሳዩ። አደራ፣ የረገፈውን ልስን በሲሚንቶ አይለስኑ! ብዙ ደግ ሰው ቤቱን የገደለው በዚህ ነው። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ከውጭ ግድግዳው አዲስ ሲመስል ከውስጥ ጭቃው ይፈርሳል። የጥንቱ ልስን ኖራ ወይም ጭቃ ከነበረ በዚያው ይጠገን።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ ማመልከቻውን ዛሬ ያስገቡ፤ ዝናቡ ፈቃድ አይጠብቅም። መመዝገቡን የማያውቁ ከሆነ ወደ ከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ሄደው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

መንገደኛ ብቻ ከሆኑም ስልክዎ ካሜራ አለው። ጥቁሩን መስመር፣ የተሰነጠቀውን ጥግ፣ የተንጠለጠለውን በረንዳ ያንሱና ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። በመስከረም ከዚያው ቦታ ቆመው ደግመው ያንሱ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው ለወረዳው ያሳዩ፤ ስንጥቁ በአንድ ክረምት ምን ያህል እንደሰፋ ያኔ ማንም አይክድዎትም።

ለአሸንዳው አንድ መሰላልና ግማሽ ቀን ይበቃል። ጠዋት ይጀምሩ፤ ከሰዓት በኋላ ሊደመን ይችላል።