ማንጣት ጥገና አይደለም

በአሮጌ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻዎች ላይ «እድሳት» በሚል የክብር ስም የሚፈጸመውን ነገር ዝም ብሎ ማየት እየከበደኝ መጥቷል። ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በግራ ዕድሜ ያጠየመው ቢጫ ሣጥን፣ በቀኝ ያው ሣጥን እንደ እንቁላል ነጥቶ። ተመልካቹ «እንደ አዲስ ሆነ!» እያለ ያጨበጭባል። ሣጥኑ ይሠራ እንደሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ከእድሳቱ በፊት በውስጡ ምን ተጽፎ እንደነበር የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ውድ አንባብያን፣ «የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በተሰበሰቡበት የልጆች መጫወቻ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። የብራና መጽሐፍ አድሳለሁ የሚል ሰው ኅዳጉን ፍቆ ቢያነጣው ምን እንደምትሉት አውቃለሁና፣ ጥቂት ታገሡኝ።

ነገሬን በአንድ ማሽን ልወስነው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በአገሩ «ፋሚኮም» ብሎ ያወጣውን ማጫወቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 «ኒንቴንዶ ኢንተርቴይንመንት ሲስተም» በሚል ስም ለአሜሪካ ገበያ አቀረበው። ሁለቱ ተደምረው በዓለም ዙሪያ ወደ 62 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠዋል። ጨዋታው ያለባት ካርትሪጅ በፋሚኮም ላይ ከላይ ወደ ታች ትሰካ ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ የማያስቸግር አሠራር። ለአሜሪካ ግን መልኩ ተለወጠ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1983 የቪዲዮ ጌም ገበያ ወድቆ ባለሱቁ ጌም የሚባል ነገር ስሙን መስማት ጠልቶ ነበርና፣ አዲሱ ማሽን ቪዲዮ ዴክ እንዲመስል ተደረገ። ካርትሪጇ ከፊት ትገባለች፤ ከዚያ ወደ ታች ትጫናለች፤ 72 ቀጫጭን የብረት ጥርሶች ያሉት ማገናኛ በገባች ቁጥር እየጎበጠ ይቀበላታል። ብረት ስንት ዓመት ይጎብጣል? ጥርሶቹ ላሉ፤ መያዝ ተሳናቸው።

በሽታው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ይሁንና በማሽኑ ውስጥ አንድ ዘበኛ ተቀምጧል። በዋናው ሰሌዳ ላይ አንድ ቺፕ፣ በካርትሪጇም ውስጥ ወንድሙ፤ አንዱ መቆለፊያ፣ ሌላው ቁልፍ። ጨዋታው እስኪያበቃ ድረስ ሁለቱ ያለማቋረጥ ይነጋገራሉ። ንግግራቸው ከተሰናከለ መቆለፊያው ማሽኑን በየሴኮንዱ ገደማ እያጠፋ ያስነሣዋል፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ስክሪኑም አብሮት። ዓላማው ያለ ኩባንያው ፈቃድ የተሠራ ጨዋታ እንዳይገባ መከልከል ነበር። ማገናኛው በላላ ጊዜ ግን ዘበኛው ወዳጅና ጠላት መለየት ተሳነው፤ ገንዘብ ተከፍሎ የተገዛለትን ልጅ ከበር መለሰው።

ልጁ ምን ያድርግ? ካርትሪጇን አውጥቶ እፍ አለባት። መልሶ ሲሰካት ሠራች። እንድትሠራ ያደረጋት በአመዛኙ ዳግም መሰካቷ ነበር፤ ጥርሶቹ በአዲስ ቦታ ፋቅ አድርገው ነኳት። የትንፋሽ እርጥበት ብረቱን እንደሚጎዳው እውነት ነው፤ ኩባንያውም እፍ አትበሉ ሲል አስጠንቅቋል። ችግሩ፣ ከዚያ ወዲህ የማሽኑ ሕመም ሁሉ በልጆች ትንፋሽ መላከኩ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው አዲስ ሞዴል ካርትሪጇ መልሳ ከላይ እንድትሰካ አደረገ፤ መቆለፊያውንም ከነጭራሹ ተወው። ከዚህ የበለጠ የእምነት ክህደት ቃል ከየት ይምጣ?

እንግዲህ ጠጋኝ የሚሆን ሰው ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ማንበብ አለበት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ፣ የሚናገረው ዘበኛው ነው። መብራቱ ጸንቶ ምስሉ ከተመሰቃቀለ ዘበኛው ረክቷል፤ ያልተነካ ሌላ ጥርስ አለ ማለት ነው። ጨርሶ መብራት ከሌለ ምርመራው ከአዳፕተሩ ይጀምራል። ይህን ሳይለዩ ገበያ ላይ የሚገኘውን ርካሽ ማገናኛ ገዝቶ መለወጥ የዘመኑ ልማድ ሆኗል። አዲሱ ማገናኛ ብዙውን ጊዜ ካርትሪጇን እንደ ጉጠት ነክሶ ይይዛታል፤ ለማውጣት ትግል ነው። አሮጌውን በውሃ ቀቅሎ፣ በሚገባ አድርቆ፣ የካርትሪጇንም ጠርዝ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠርጎ መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። (የሚያስቀኝ ነገር አለ፦ የማሽኑ ሣጥን በተራ ካቻቢቴ ይፈታል፤ የአብዛኞቹ ካርትሪጆች ብሎን ግን ልዩ መፍቻ ይሻል። ቤቱ ክፍት፣ መጽሐፉ ቁልፍ!)

የመቆለፊያውን ቺፕ አራተኛ እግር ከሰሌዳው ማላቀቅ ዘበኛውን ዝም ያሰኘዋል። «የማሽኑ ንጽሕና ይጓደላል» የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ከእነርሱ ጋር አልስማማም። ያ መቆለፊያ የተጫዋቹ ሆኖ አያውቅም፤ የነጋዴው ነበር፤ ነጋዴዎችም ተካስሰውበታል። አታሪ ጌምስ የተባለው ኩባንያ ለአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ሐሰተኛ ምክንያት አቅርቦ የመቆለፊያውን ፕሮግራም ቅጂ እስከማውጣት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለኒንቴንዶ ወስኗል። አሁን በመደርደሪያ ላይ ያለው ማሽን የዚያን ጠብ ዕዳ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። ብቻ እግሯ አትቆረጥ፤ ተላቃ ትነሣ፤ የሚያስፈልገው የኋላ ሰው መልሶ ያጎብጣታል።

ወደ ማንጣቱ ልመለስ። ሣጥኑ የተሠራበት ፕላስቲክ እሳት በቀላሉ እንዳይዘው ብሮሚን ያለበት ንጥረ ነገር ይጨመርበት ነበር፤ ቢጫነቱም ብዙውን ጊዜ ከዚሁና ከብርሃን ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ፋሽን ሆነ። ፕላስቲኩ ይነጣል፤ ያልተጠነቀቁለት ይዥጎረጎራል፤ ነጣ የተባለውም ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ሲጠይም ታይቷል። ቢጫው ግን ጨዋታውን አንዲት ነጥብ አላጎደለበትም። መክፈቱን የፈራ ሰው ሣጥኑን ያጥባል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ።

በሌላው ወገን ደግሞ እናንተ አላችሁ፣ የመጽሐፍ ወዳጆች፤ «ነገሩ መጫወቻ ነው፤ ይንጣም ይጥቆርም ምን ቸገረን» የምትሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ያወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው ከገበያ ጠፍተዋል ይላል። ከመቶ መጻሕፍት ሰማንያ ሰባቱ ተፈልገው የማይገዙ ቢሆኑ ጩኸታችን የት ይደርስ ነበር? ቤተ መጻሕፍት እነዚህን የጠፉ ጨዋታዎች ለተመራማሪዎች በርቀት እንዲያቀርቡ የተጠየቀውን ፈቃድ የቅጂ መብት ቢሮው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሳይቀበለው ቀርቷል። ስለዚህ በአንድ ሰው ሳሎን ያለ፣ የሚሠራ አሮጌ ማሽን እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን የባትሪው ነገር ነው።

«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ሲገባ በወርቃማ ካርትሪጅ ነበር። በውስጧ በብየዳ የተያዘች፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ማሽኑ ሲጠፋ የተጫዋቹን ጉዞ የምታቆየው እርሷ ናት። በመክፈቻው ገጽ ላይ ሦስት ቦታ አለ፤ በእያንዳንዱ እስከ ስምንት ፊደል የሚደርስ ስም ይጻፋል፤ ከስሙም አጠገብ ያ ሰው በጨዋታው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሞተ በቁጥር ይታያል። ባትሪዋ ስትደክም ስሙም ቁጥሩም ይጠፋል። አንዳንዷ ባትሪ ግን፣ የሚገርመው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይታ ዛሬም ትሠራለች፤ ምናልባት ዛሬ አባት የሆነ ልጅ፣ ምናልባትም በሕይወት የሌለ ወንድም የጻፈውን ስም እንደያዘች።

በእኛ አገር የወንጌል ብራናዎች ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ማስታወሻ ተጽፎ ይገኛል። የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተጻፈበትም ብራና ሞልቷል፤ ሊቃውንቱ ያችን የተፋቀች ስም ለማንበብ ዓይናቸውን ያደክማሉ። የካርትሪጇ አዳሽ ምን ያደርጋል? ባትሪዋን ነቅሎ አዲስ ይበይዳል። በዚያች ቅጽበት ሦስቱም ስሞች ይጠፋሉ። የሚፍቅ ሰው እንኳ የሚፍቀውን ያያል፤ ይህኛው ሳያይ ነው የሚፍቀው።

መፍትሔው ደግሞ ከባድ አይደለም። ብሎኑ ሳይፈታ ካርትሪጇ ተጠርጋ ትሰካ፤ የመክፈቻው ገጽ ይታይ፤ ፎቶግራፍ ይነሣ። ማሽኑ ሲጠፋም በመመሪያው እንደታዘዘው ሪሴት የሚለው ቁልፍ ተጭኖ ይያዝ፤ አለዚያ የተጻፈው ሊበላሽ ይችላል። ካርትሪጅ አንብቦ ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጥ መሣሪያ ዛሬ ይሸጣል፤ የተጻፈው ይገልበጥ፤ ባትሪዋ ትለወጥ፤ ከዚያ ጽሑፉ ወደ ቦታው ይመለስ። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ሣጥን ፀሐይ ላይ ለማስጣት ከሚጠፋው ጊዜ አይበልጥም።

«ተፈትሿል፣ ነጥቷል፣ ባትሪው ተለውጧል» የሚል የሽያጭ ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ለሻጩ የምጽፍለት አንድ ጥያቄ ነው፦ ሦስቱ ስሞች እነማን ነበሩ?