የፖስታ ቼዝ ተጫዋቾች እነማን ነበሩ? የጠፋ ስም መፈለግ የሥራ ፈት ሥራ አይደለም!

ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ቼዝ የሚጫወቱት በፖስታ ነበር። አንዱ እርምጃውን በፖስት ካርድ ጽፎ ይልካል፤ ሌላው ቀናት አስቦ መልሱን ይልካል። አንድ ጨዋታ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። የለንደንና የኤድንብራ ክለቦች እ.ኤ.አ. በ1824 የጀመሩት ግጥሚያ በኤድንብራ አሸናፊነት ያበቃው በ1828 ነው።

የእነዚህ ጨዋታዎች እርምጃዎች ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። የጠፉት ሰዎቹ ናቸው። በድሮ መጽሔቶችና በጋዜጣ የቼዝ ዓምዶች ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ አንድ የቤተሰብ ስም፣ ከፊቱ አንድ ወይም ሁለት ፊደል፣ ሲበዛ የከተማ ስም ነው። በክለብ የሚጫወት ሰው ቢያንስ ያየው ይኖራል። የፖስታ ተጫዋችን ግን ተጋጣሚው እንኳ መልኩን ላያውቀው ይችላል።

እነዚህን ሰዎች ለማግኘት ዕድሜያቸውን የሰጡ አሉ። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጄረሚ ጌጅ በ1987 ባሳተመው «ቼስ ፐርሶናሊያ» የ14,000 ያህል የቼዝ ሰዎችን የልደትና የሞት መረጃ ሰብስቧል። ቲም ሃርዲንግ ደግሞ የብሪታንያና የአየርላንድን የፖስታ ቼዝ ታሪክ ጽፏል።

«ታዲያ ምን ይጠቅማል? በ20 እርምጃ የተሸነፈ ጸሐፊ ማን ይሁን ማን ለዓለም ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስም አለው።

አንደኛ፣ የፖስታ ቼዝ ወደ ክለብ መሄድ ለማይችሉት በር ከፍቷል፤ ገጠር ለሚኖር፣ ታሞ ቤት ለዋለ፣ በወንዶች ክለብ ቦታ ላልነበራት ሴት። ታሪክ የሻምፒዮኖችን ስም ብቻ ከያዘ ጨዋታው የጥቂት ሰዎች ብቻ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ ስም ካልተጣራ ሰው ይከፈላል። ፍሪደስዋይድ ቢቺ በ1883 የቼዝ መጽሐፍ ስታሳትም «ሚስ ኤፍ. ኤፍ. ቢቺ» ነበረች። ካገባች በኋላ በባሏ የስም ፊደላት «ሚስስ ቲ. ቢ. ሮውላንድ» ተባለች፤ ከባሏ ጋር ሆና የፖስታ ውድድሮችን በአየርላንድ ያዘጋጀችው በዚህ ስም ነው። መዝገቡን ብቻ ላየ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ድንገት የጠፋች፣ ሌላዋ ከየት እንደመጣች ያልታወቀች። እሷን መጽሐፏ አዳናት። መጽሐፍ ያልጻፉትስ?

ፍለጋው የሚጀመረው ከአድራሻ ነው። የፖስታ ተጫዋች አድራሻ ከሌለው መጫወት አይችልምና የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አንዳንዴ ታትሞ ይገኛል። ከዚያ ወደ ሕዝብ ቆጠራ፣ ወደ ልደትና ሞት መዝገብ፣ ወደ ኑዛዜ ይኬዳል። ሰነዱ ግን ሁልጊዜ አይጠብቅም። የእንግሊዝና ዌልስ የ1931 ቆጠራ በ1942 በእሳት ወድሟል። የአሜሪካ የ1890 ቆጠራ አብዛኛው በ1921 ከተነሳው እሳት በኋላ የለም። አየርላንድ በ1922 የእርስ በርስ ጦርነት ቤተ መዛግብቷ ሲቃጠል የብዙ መቶ ዓመታት ሰነዷን አጣች። እዚያ ከጠፋው ጥቂቱን በሌላ በኩል ለማግኘት የቼዝ ዓምድ እንኳ ምስክር ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ልጓም ያስፈልጋል። ስም መመሳሰል ማንነት አይደለም። በአንድ ከተማ አራት «ጄ. ስሚዝ» ቢገኙ፣ ዕድሜው የተስማማውን መርጦ «ይኸው እሱ ነው» ማለት ምርምር ሳይሆን ግምት ነው። አንዴ የተጻፈ ግምት ደግሞ ከገጽ ወደ ገጽ እየተቀዳ በዓመቱ «እውነት» ይሆናል። ሟች ተነስቶ «እኔ አይደለሁም» አይልም። ስለዚህ አጥኚው የተረጋገጠውን ከተገመተው ለይቶ መጻፍ ግዴታው ነው። ባዶ ቦታ ከሐሰተኛ ስም ይሻላል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ሩቅ አይደለም። በኛ ባህል ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ የወይዘሮ ሮውላንድ ችግር አይገጥማትም። ነገር ግን በውጭ አገር መዝገብ የአባት ስም «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ሲገባ አባትና ልጅ በሁለት የተለያየ ቤተሰብ ስም ይመዘገባሉ። በዚያ ላይ አንዱ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት መንገድ ይጻፋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈልጋቸው ሰው ምን ያህል እንደሚደክም መገመት አያቅትም።

ዛሬ ደግሞ ሚሊዮኖች በኢንተርኔት ቼዝ የሚጫወቱት በቅጽል ስምና በቁጥር ነው። ፖስት ካርዱ ቢያንስ የእጅ ጽሑፍና የፖስታ ቤት ማኅተም ነበረው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው። ክለቦች የድሮ የአባላት ዝርዝርና የውጤት ካርድ ከመጣላቸው በፊት ለቤተ መዛግብት ይስጡ። የሟች አባታቸውን ዕቃ የሚለዩ ልጆችም የፖስት ካርድ ክምር ሲያገኙ ወደ ቆሻሻ ከመላካቸው በፊት ጀርባውን ያንብቡ። ስሙ ሙሉ ሆኖ የተጻፈበት ብቸኛ ወረቀት እሱ ሊሆን ይችላል።