ቁስል የሚድነው ሲደርቅ ነውን?

«ቁስል ነፋስ ካገኘው ይደርቃል፤ ከደረቀም ይድናል» የሚለው እምነት በብዙ ቤት ሲነገር የቈየ ነው። ስለዚህ እናት የልጅዋን ቁስል ገልጣ ታስነፍሳለች፤ ቅርፊት ሲያበጅም ደስ ይላታል። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962) ጆርጅ ዊንተር የተባለ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ፈተና ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በቀጭን ፕላስቲክ ተሸፍኖ እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል፥ ተገልጦ ከደረቀው ይልቅ በእጥፍ ያህል ፈጥኖ አዲስ ቆዳ ለበሰ። ምክንያቱም አዲሱ ቆዳ እየተሳበ የሚያድግ በመሆኑ፥ እርጥበት ሲያገኝ በቀላሉ ይራመዳል፤ ደረቅ ቅርፊት ሲገጥመው ግን ከሥሩ መንገድ እየፈለገ ማለፍ ግድ ይሆንበታል።

«ሃይድሮጄል» የሚባለው የቁስል መሸፈኛ የተሠራው በዚህ አሳብ ነው። ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ሰው ተልባ በውሃ ዘፍዝፎ ይመልከት፤ ከፍሬው የሚወጣው ዝልግልግ ነገር ውሃውን ይዞ አይለቅም። ሃይድሮጄልም እንደዚሁ፥ በዓይን የማይታዩ ረጃጅም ሰንሰለቶች እንደ መረብ ተጠላልፈው ውሃ የያዙበት ነገር ነው። ቁስሉን ያቀዘቅዛል፤ ሕመሙን ያስታግሣል፤ ሲነሣም አዲሱን ሥጋ ገንጥሎ አይነሣም። ብዙ ፈሳሽ ለሚያወጣ ቁስል ግን አይስማማም።

መረቡ ከተፈጥሮ ነገሮች ሊሠራ ይችላል፤ ይኸውም ከባሕር አረም ከሚወጣው አልጂኔት፥ ከሽሪምፕ ቅርፊት ከሚገኘው ኪቶሳን፥ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ከሚወጣው ጄላቲን ነው። ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው የዓረብ ሙጫ አብዛኛውን ታወጣለች። ይህ ሙጫ ከግራር ወገን የሆነው ዛፍ ልጡ በተላጠ ጊዜ የራሱን ቁስል ለመሸፈን የሚያወጣው ነው። ብቻውን በውሃ ስለሚሟሟ፥ ተመራማሪዎች ከአልጂኔትና ከሌሎችም ጋር እያዋሐዱ ለቁስል መሸፈኛ እንዲሆን ይሞክሩታል። ይሁን እንጂ ሙጫው ከአገሩ የሚወጣው በአብዛኛው ጥሬውን ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያት በካርቱም በሰው ቤት እያበሰሉ፥ በየመንገዱም ዳር ሻይና ቡና እያፈሉ ኖረዋል። በዓባይ ዳር ባለው በአል-ማንሺያም ሆነ በሌላ ሰፈር፥ የፈላ ጀበና ሲገለበጥ የሚቃጠለው የእነርሱ እጅ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማይቱ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሰው ተሰደደ፤ ብዙ ሐኪም ቤቶችም ተዘጉ። ሐኪም በራቀበት ቦታ ደግሞ በቤት ውስጥ የሚደረገው የመጀመሪያው ርዳታ የእጁን ዕድል ይወስናል።

ስለዚህ እሳት ወይም የፈላ ውሃ ያቃጠለውን ሰው እንዲህ መርዳት ይገባል። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ ይውለቅ። የተቃጠለው ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ በረዶ ግን አይደረግበት። ቀጥሎም በንጹሕና በማይጣበቅ ነገር ይሸፈን። ቅቤ፥ የቡና ዱቄት፥ አመድና የጥርስ ሳሙና ከቶ አይቀቡት። ቃጠሎው ከተጎዳው ሰው እጅ ስፋት የበለጠ ወይም በፊትና በእጅ ላይ የደረሰ እንደ ሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባትም መጠየቅ አይረሳ።

መሸፈኛው ከተፈጥሮ የተገኘ ነው ማለትም ሙጫውን ከዛፍ፥ ተልባውን ከጓዳ አንሥቶ ቁስል ላይ ማድረግ ይቻላል ማለት አይደለም። መድኃኒት የሚሆነው ተጣርቶና ከተሕዋስያን ነጽቶ ሲሠራ ነው። በየቤቱ የሚገኘው የመጀመሪያው መድኃኒት ግን ንጹሕ ውሃና ያልተጣደፈ እጅ ነው።