«ይመታል» ሲባል መቺ ነው ተመቺ?

ወገን፣ እስቲ ይህችን ጮክ ብለህ አንብባት፦ «ይህ ትውልድ ይመታል»።

አላልተህ ካነበብካት ትውልዱ መቺ ነው። «መ»ን እና «ታ»ን ካጠበቅካቸው ግን ተመቺ ሆነ! ፊደሉ ያው፣ ትርጉሙ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ።

ይሄ ተራ ነገር አይደለም። «አለ» ላልቶ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ መኖር። «ገና» ላልቶ ጊዜው አልደረሰም፣ ጠብቆ የልደት በዓል። «ዋና» ላልቶ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ አለቃ። መጥበቅና መላላት የአማርኛ አጥንት ነው፤ አጥንቱ ግን በጽሑፋችን ላይ አይታይም።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን ይነሳል። አንዱ «ፊደሉ ጎደሎ ስለሆነ ወደ ላቲን እንሂድ» ይላል። ወንድሜ፣ ላቲን በራሱ አያጠብቅም'ኮ! ጣሊያን «ፓላ» ብሎ አካፋን በአንድ ኤል፣ ኳስን በሁለት ኤል ይጽፋል፣ ሲናገርም ያጠብቃል። እንግሊዝ «ሐመር» ብሎ መዶሻን በሁለት ኤም ይጽፋል፣ ሲናገር ግን አያጠብቅም። ለውጡ ያለው ከተጠቃሚው ስምምነት እንጂ ከፊደሉ አይደለም።

ሌላው የኛው ሰው ነው፦ «ፊደላችን ፍጹም ነው፣ አትንኩት!» ይህም ፍቅር አይደለም፣ ስንፍና ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ፊደላችንን ይጠሉ ነበር? በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጠብቁትን ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገው አሳዩን። እኛ መጽሐፉን አወደስን፣ ነጥቡን ጣልነው። ዩኒኮድም እ.ኤ.አ. በ2005 ለማጥበቂያ ምልክት ቦታ ሰጥቶናል (አለ፟፣ ገና፟)። መሣሪያው አለ፣ የጠፋው ተጠቃሚው ነው።

«ከዐውዱ ይገባናል» ትላለህ? አንተ አፍህን በአማርኛ ስለፈታህ ይገባሃል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተወልዶ ፊደል የሚቆጥረው ልጅስ? ሀ ሁን ጨርሶ «እንኳን ለገና» ሲል አላልቶ ያነብና ይሳቅበታል። ጥፋቱ የሱ ነው? ስልካችን ጽሑፍ እንዲያነብልን ስንጠይቀውም ያው ነው፤ ያልተጻፈውን ይገምታል።

ሁሉም ቃል ላይ ምልክት ይደርደር አላልንም። ለልጆች መጽሐፍ፣ ለመዝገበ ቃላት፣ ለሚያሻማ ቃል ይደረግ ነው ያልነው። የልጆች መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ የቁልፍ ሰሌዳ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ሥራው የናንተ ነው።

በፊደልህ ኮርተህ ቲሸርት ላይ አትመኸዋል፣ ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ ሥራበት። ያለዚያ «ይህ ትውልድ ይመታል» ስንል የሚያነበን ሰው አጥብቆ ያነብብናል!

ሼር አድርጉ።