ካልሲ ለሚቆረቁረው እግር

እሑድ ጧት በደብረ ብርሃን በቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ጫማ በሚወልቅበት ጊዜ የየቤቱን ኑሮ በካልሲ ያነባል። አንዱ ተረከዙ የተጣፈ ነው፤ ሌላው አውራ ጣቱ ብቅ ያለ ነው፤ ሌላው ትናንት ከሱቅ የወጣ ነው። ጫማ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ወደ ተቀደሰው ስፍራ ግን ጫማ ስለማይገባ ካልሲ ብቻውን ይቀራል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ካልሲ ለመጻፍ የተነሣነው ከዚሁ በር አጠገብ ባየነው ነገር ነው።

ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ ዕድሜው 11 ዓመት የሚሆነው፣ ከእናቱ ጋር እስከ በሩ ድረስ ይመጣና ጫማውን ሳያወልቅ ከውጭ ከዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድስ ነበር። በክፍል ውስጥም አንዱን እግሩን በሌላው ሲፈትግ እናየዋለን። ለብቻው ጠርተን በጠየቅነው ጊዜ አቀረቀረ። በመጨረሻ ካልሲውን ዝቅ ቢያደርገው፣ ቁርጭምጭሚቱና የእግሩ ጀርባ ቀልቶ፣ በጥፍር ተቧጥጦ፣ አንዳንዱም ስፍራ ደምቶ ተመለከትን። ጓደኞቹ ይህን አይተው «ዝሆኔ ጀመረው» ብለውት ኖሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሩን ለማንም ማሳየት አልፈለገም።

ስለ ዝሆኔ ጥቂት እንበል፤ ይህ ስም በሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው ከማኅበር አርቋልና። በደጋው አገራችን የሚታየው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር እንዳስረዳው፣ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረገጥ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው እብጠት ነው። መከላከያውም ጫማና መታጠብ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እግራቸውን በየዕለቱ ታጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ ካልሲና ጫማ ያደረጉት ሰዎች በየጊዜው የሚነሣባቸው ትኩሳትና ሕመም ቀንሶላቸዋል። ስለዚህ ካልሲ እንደ ቅንጦት የሚቈጠር ነገር አይደለም። የልጁ እግር ግን ዝሆኔ አልነበረም፤ ቀድሞም ጫማ ተለይቶት አያውቅም። በጤና ጣቢያ ያዩት ሐኪም ችፌ መሆኑን ነገሩን፤ የሚያስቆጣውም ካልሲው ነበር።

ካልሲውን የሠሩት እናቱ ናቸው። ጠጕሩን ከመንዝ አስመጥተው፣ አጥበው፣ ነድፈው፣ በእንዝርት ፈትለው፣ ሌሊት በመብራት ሠሩለት። እንዲህ ላለች እናት «ልጅሽን የጎዳው ያንቺ እጅ ሥራ ነው» ብሎ መናገር እንደምን ይቻላል? እኛም ሁለት ሳምንት ሙሉ ስናመነታ ቆየን፤ ይህም ጥፋታችን ነው፤ በሁለቱ ሳምንት ልጁ መቧጠጡን አልተወምና።

የመንዝ በግ ጠጕር የአገራችን ኩራት ነው። ባናውም ጥቁሩ በርኖስም ከእርሱ ይሠራል። ከተማችንም በ1957 ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተቋቋመባት ጀምሮ ስሟ ከሱፍ ጋር ይነሣል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ አያቶቻችን በርኖስን ከልብስ በላይ ደረቡት እንጂ በራቁት ገላ ላይ አላደረጉትም። ባናውንም ቢሆን ከሥሩ ስስ ነገር ሳይኖር መልበስ የሚወድ የለም። ይህን ያለ ሐኪም ያውቁት ነበር። ለእግር ሲሆን ግን ጥበቡ ተረሳ፤ ካልሲ በኋላ የመጣ ነገር ነውና ከእርሱ ጋር ምክር አልመጣም።

ሱፍ የሚቆረቁርበት ምክንያት እንዲህ ነው። ከጨርቁ ፊት ወጣ ወጣ ያሉት የጠጕር ጫፎች ቀጭን ከሆኑ ቆዳ ሲነካቸው ይታጠፋሉ፤ ወፍራም ከሆኑ ግን ሳይታጠፉ ይወጋሉ። በአውድማ ላይ የገብስ እብቅ በአንገቱ የገባበት ሰው ይህን ያውቀዋል። ወሰኑ 30 ማይክሮን ያህል ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሜሪኖ የሚባለው በግ ጠጕር አብዛኛው ከ24 ማይክሮን በታች ስለሆነ ለስስ ቆዳም ይስማማል። የመንዙ ግን ሻካራ ነው። እንግዲህ «ሱፍ አይስማማኝም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያልተስማማው የጠጕሩ ውፍረት ነው። በጠጕሩ ላይ የሚቀረው የበግ ስብ የማይስማማቸው ጥቂቶች ናቸው።

ታዲያ ሱፍን ትቶ ናይሎን መልበስ ይሻላልን? አይሻልም። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እርጥብነቱ አይታወቅም፤ ፖሊስተር ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይጠጣም፤ ላቡም በቆዳ ላይ ይቀራል። ጥጥ ለስላሳ ነው፤ ላብም ይጠጣል፤ ከራሰ በኋላ ግን ቶሎ አይደርቅምና ከ2,700 ሜትር በላይ ባለው ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ እግርን ያቀዘቅዛል። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ መንገደኛማ ነገሩን በአንድ ቀን ይማረዋል፤ ጧት ሱፉን ያመሰገነው እግር ቆላ ሲደርስ በላብ ይቀቀላል። ስለዚህ ለቁልቁለቱ ሌላ ጥንድ ካልሲ በከረጢት መያዝ ደግ ነው።

ካልሲ ስትገዙ በመጀመሪያ ውስጡን ገልብጡ። በጣቶች ላይ የሚያልፈው ስፌት ወፍራም ከሆነ ለልጁ ገልብጣችሁ አልብሱት፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ ቢስቁበትም ጫማው ይሸፍነዋል። ላስቲኩ በቁርጭምጭሚት ላይ ቀይ መስመር ትቶ ከቀረ ጠብቋል ማለት ነው። የጠቆረ ቀለም ያለውን ፖሊስተር እንጠረጥራለን፤ እንዲህ ያለውን ጨርቅ ለማቅለም ከሚውሉት ቀለሞች አንዳንዶቹ ቆዳን እንደሚያስቆጡ የቆዳ ሐኪሞች ያውቃሉና። ማናቸውም አዲስ ካልሲ ሳይታጠብ እግር ላይ አይውጣ። የስኳር በሽታ ላለባቸው አረጋውያን ደግሞ ነጭ ካልሲ እንመርጣለን፤ እግራቸው ሲደነዝዝ ቁስሉን አይሰሙትም፤ በነጩ ላይ ግን ደሙ ይታያል።

ስለ አጠባው ከዚህ በላይ ማለት ይገባል፤ ጥፋቱ የሚበዛው እዚያ ነውና። ብዙ ቤት የዱቄት ሳሙና ሲበዛ ንጽሕና የሚበዛ ይመስለዋል። ሳሙናው ከክሩ መካከል ይቀርና ቀን እግር ሲያልበው ይሟሟል፤ ቆዳውም ቀኑን ሙሉ በሳሙና ውኃ እንደ ተነከረ ይቆያል። ሳሙናውን ቀንሱ፤ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። በረኪና ለእንዲህ ያለ እግር ካልሲ አይሆንም። ጥጡን ገልብጣችሁ በሙቅ ውኃ እጠቡ። ሱፉን ግን በለብታ፤ ሙቅ ውኃ ያገኘው የሱፍ ካልሲ ለሕፃን ይሆናል። ሱፉን አትጭመቁት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት፤ ከዚያም በጥላ አንጥፋችሁ አድርቁት። በታኅሣሥ ማታ ውጭ የተሰጣ ካልሲ ጧት እንደ ቋንጣ ደርቆ ይገኛል፤ ይህ ግን በረዶ እንጂ መድረቅ አይደለም፤ በእግር ላይ ሲሞቅ ይረጥባል። በክረምት ደግሞ ከምድጃው በላይ ይሰቅሉትና ጢሱን ይዞ ይወርዳል። ሦስት ጥንድ ያለው ልጅ ከዚህ ሁሉ ይድናል፤ አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በገመድ፣ አንዱ በሣጥን።

እግሩም ራሱ ማታ ማታ ይታጠብ፤ በጣቶች መካከል ያለው በደንብ ይድረቅ፤ በተረከዙና በእግሩ ጀርባ ቫዝሊን ይቀባ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀባ። እዚያ መካከል ቆዳው ነጥቶ ከተላጠና ከሸተተ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ካልሲ መለወጥ ብቻውን አይበቃውም። ጎረቤት ሰጠን ብላችሁ የችፌ ቅባት አትቀቡበት፤ ማሳከኩን አስታግሦ ፈንገሱን ያስፋፋዋል። መግል ከያዘ ወይም ቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ወደ ልጁ እናት ቤት የሄድነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ነገሩን በሰሙ ጊዜ «የመንዝ ጠጕር ማንን ጎድቶ ያውቃል?» አሉን። እኛም ካልሲውን በአንገታቸው ላይ ጥቂት ጊዜ እንዲያቆዩት ለመንናቸው። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ አንገታቸውን አከኩ፤ ከዚያም ዝም ብለው ልጁን ተመለከቱት። ካልሲውን ሊጥሉት ሲነሡ ግን ከለከልናቸው። ከሥር ስስ የጥጥ ካልሲ ተገልብጦ ይደረግ፣ የእርሳቸው ሱፍ ከላይ ይደረብ፣ ልክ እንደ በርኖሱ አልናቸው። ሐኪሙ ያዘዙት ቅባትም አልተቋረጠም።

በወሩ ገደማ ልጁን በበሩ አጠገብ ጫማውን ሲፈታ አየነው። ሁለቱ ካልሲ ባንድነት ስለ ወፈሩ ጫማው ጠቦት ኖሮ፣ እናቱ ተረከዙን ይዘው እየጎተቱ ያግዙት ነበር። ለፋሲካ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ እንደሚገዙለት ነገሩን።