ኮቱ አለ፣ ሰውየው የለም!

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ገብታችሁ ወንበሩ ላይ ኮት ተሰቅሎ፣ የኮቱ ባለቤት ግን የውኃ ሽታ ሆኖባችሁ አያውቅም? «አሁን እኮ እዚህ ነበር!» ይላችኋል ጎረቤቱ። ከዚያ «ስብሰባ ገብቷል»፣ ከዚያ «ነገ ተመለሱ»… ይሄን ቀልድ ስንስቅበት ኖረናል። ከዚገም ተነስቶ፣ የመኪና ከፍሎ እንጅባራ ለመጣ ገበሬ ግን ቀልድ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሠራተኛ ነው። ኮቱም እሱም ቢሮ አሉ፤ ልቡ ግን የለም። ጠዋት ይፈርማል፣ ማታ ይፈርማል፤ በመሃል ያለውን ሰዓት ስልኩን እየነካካ ይገፋዋል። ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ! ብዙዎቹ ከእኛ ጋር የተመረቁ፣ ሥራ ሲጀምሩ አገር እንለውጣለን ይሉ የነበሩ ልጆች ናቸው። ለነገሩ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጋሉፕ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት በፈረንጆቹ 2024 በዓለም ዙሪያ ባደረገው ጥናት፣ ልቡን ለሥራው የሰጠ ሠራተኛ 21 በመቶ ብቻ ሆኖ አግኝቶታል።

«ደመወዝ ይጨመርና ታያለሽ!» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው፤ በባዶ ሆድ ተነሳሽነት የለም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲሻሻል የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ለቤት ኪራይና ለጤፍ ሲካፈል ስንት ቀን እንደሚያዘልቅ እናንተው ታውቁታላችሁ። ቢሆንም ደመወዝ ሰውን ቢሮ ድረስ ያመጣዋል እንጂ ልቡን እዚያ አያስቀምጥለትም።

ማስረጃ? ሩቅ አልሄድም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ፈረሰኛው ለመጋለቡ የወር ደመወዝ አይቆረጥለትም፤ ሰዓት ፊርማ የሚቆጣጠረውም የለም። ግን ጥር 23 እንጅባራ ላይ ያየው ሰው ልቡ የት እንዳለ አይጠይቅም! «የአንድ ቀን በዓልና የዕለት ሥራ አንድ ነው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ፈረስ ግን ጥር 23 ብቻ አይበላም፤ ዓመቱን ሙሉ ይቀለባል።

ምስጢሩ ለእኔ ሦስት ነገር ነው። ፈረሰኛው ለምን እንደሚጋልብ ያውቃል፤ አባቶቹና ፈረሶቻቸው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዋሉትን ውለታ ይዘክራል። ማኅበሩ የራሱ ነው። ጎበዝ ሲሆን ደግሞ ሕዝብ ፊት ይመሰገናል።

አሁን እነዚህን ሦስቱን ቢሮ ውስጥ ፈልጉልኝ! አንዲት ጓደኛዬ የባለጉዳይ ፋይል ፍለጋን የሚያሳጥር ሐሳብ ጽፋ ለአለቃዋ ሰጠች። መልሱ «አንቺ የተሰጠሽን ሥሪ» ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተሰጣትን ብቻ ትሠራለች። ማን ይፈርድባታል?

እርግጥ ለውጥ ተሞክሯል። ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ። የካይዘን ዋና ሐሳብ እኮ የሥራውን ጉድለት ከሠሪው በላይ የሚያውቀው የለም የሚል ነው። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ተራ ሠራተኛ ስህተት ካየ ገመድ ስቦ የምርት መስመሩን ማስቆም ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ሐሳቡ ቀርቶ የግድግዳው ሰሌዳና ሪፖርቱ ተረፈን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብር የማይጠይቅ ነገር ሞልቷል። አለቆች በሳምንት ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ያዳምጡ፤ መጀመሪያ የሚናገሩትም መዝገብ ቤትና መስኮት ላይ ያሉት ይሁኑ። ከቀረበው ሐሳብ ቢያንስ አንዱ ይሞከር፣ የባለቤቱም ስም ይነገር። አዲስ ተቀጣሪ የመጀመሪያ ሳምንቱን ከባለጉዳይ ጋር ወረፋ ላይ ይዋል፤ ለማን እንደሚሠራ ይወቅ። ከሁሉም በላይ የደረጃ ዕድገት በሥራ እንጂ በዘመድ አይሁን። ሰው ሲለፋበት የከረመውን ወንበር ሌላው በአንድ የስልክ ጥሪ ሲወስደው ካየ በኋላ፣ የትኛውም ሥልጠና አያነሳሳውም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? አለቆቻችን ሆይ፣ ሎሚውን ብቻችሁን አትሸከሙት… አካፍሉን!

ቸር ይግጠመን።