ጥፋቱ የኪቦርዱ አይደለም

ጎንደር ውስጥ አንድ ወጣት አዝማሪ ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ኪቦርድ ሲይዝ ወቃሹ ብዙ ነው። «ባህሉን ሸጠ»፣ «የፈረንጅ ዕቃ አመለከ» ይባላል። ለመሆኑ ከወቃሾቹ መካከል ለልጁ ሰርግ ባለማሲንቆ የጠራው ስንቱ ነው? ባንድ ቀጥሮ፣ የሰሞኑን ዘፈን አስዘፍኖ፣ እስክስታውን ሲወርድ አድሮ በማግስቱ «ማሲንቆ ጠፋ» ብሎ ያለቅሳል።

ወገን፣ መሣሪያ መቀየር ክህደት ቢሆን ኖሮ ጌታቸው መኩሪያም ከሃዲ በተባለ ነበር። በልጅነቱ የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን ተቀላቀለ። ሕይወቱን ሙሉ የያዘው ሳክስፎን የፈረንጅ ቧንቧ ነበር። በቧንቧው የነፋው ግን ሽለላን ነው! ጀግና በጉሮሮው የሚያወጣውን የጦር ሜዳ ድምፅ ወደ ሳክስፎን አዛወረው። መሣሪያው ተቀየረ፤ ነገሩ አልተቀየረም።

ይህ ብቻ አይደለም። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበሙን እንዲያጅቡት የመረጠው የሆላንድ ፐንክ ባንድ የሆነውን «ዘ ኤክስ»ን ነበር። ፐንክ ማለት ጩኸትና ተቃውሞ የበዛበት፣ ለማማር ደንታ የሌለው ሙዚቃ ነው። እነዚያ ሰዎች በ2006 በወጣው አልበም የሰው አገር ዜማ ተጫወቱ። ራሳቸውን ሀበሻ አላስመሰሉም፤ የጌታቸውንም ዜማ አላለዘቡም። ሽለላው በጊታር ጩኸት መሐል ሽለላ ሆኖ ቀረ።

የአዝማሪው ሀብት የጭራው ክር ብቻ አይደለም። እንግዳውን በዓይኑ መዝኖ፣ እዚያው ላይ ግጥም ፈጥሮ፣ ሙገሳ ውስጥ ሽሙጥ መደበቁ ነው፤ ሰምና ወርቁ ነው። ማሲንቆ ይዞ ያንኑ የተሸመደደ ግጥም ለከፋይ ሁሉ የሚደግም ቱሪስት ማጀቢያ ነው። በኪቦርድ አዲስ ቅኔ የሚዘርፍ ግን አዝማሪ ነው።

«ታዲያ ማሲንቆውን የሚማር ቢጠፋስ?» የሚል አለ። ስጋቱ እውነት ነው። በጎንደር አቅራቢያ የአዝማሪዎች መንደር በመባል የምትታወቀው ቡርቧክስን ጨምሮ ሙያው የሚተላለፈው ከአባት ወደ ልጅ ነው፤ አንድ ትውልድ ከዘለለ ይበጠሳል። ነገር ግን «አዝማሪ» የሚለውን ስም ስድብ አድርጎ ያኖረ፣ ልጁን ለአዝማሪ ልጅ ለመዳር የሚጠየፍ ማኅበረሰብ፣ የአዝማሪው ልጅ ከሙያው ሲሸሽ በምን አፉ ይቆጣል?

መፍትሔው ውግዘት አይደለም። ለሰርግና ለጥምቀት ባለማሲንቆውን መጥራት፣ ዋጋውን ሳይከራከሩ መክፈል፣ ትምህርት ቤት አስገብቶ በደመወዝ ማስተማር ነው።

ማሲንቆ እንዲኖር የሚፈልግ አስቀድሞ ባለማሲንቆውን ያኑር።